ከሥዕሉ ጀርባ የተገኘው ቅጠል

ቅጠሉ የተገኘው በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከንፋስ መውጫ ዳር ባለው ኬላ ነው። ነጋዴው አቶ ዋለ በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ሲያልፍ ፖሊሶች ጭነቱን አስፈቱት። ከቆዳውና ከማሩ መካከል በጆንያ የተሰፋ አንድ ሥዕል ነበር። ጆንያውን ሲቀዱት የሥዕሉ ጀርባ የተለበጠበት አቡጀዲ ተላቆ ወደቀ። ከሥሩ አንድ የብራና ቅጠል ብቅ አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተሥላበታለች።

ቅጠሉን ያላወቀ አልነበረም። ከደብራችን ተአምረ ማርያም ላይ በቢላ ተቆርጦ መጥፋቱ የተሰማው ዐርብ ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ነበር።

ሥዕሉ የልጄ የውባለም ሥራ ነበር።

እኔ ደጊቱ፣ የውባለም እናት፣ በወይዘሮ ጽጌ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥቤ የማድር ሴት ነኝ። የሆነውን ያየሁትም የሰማሁትም ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆሜ ነው። ፖሊስ ጣቢያው የሴት ክፍል ስላልነበረው ልጄን ያሰሯት እዚያው ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ከእኔና ከእሷ መካከል የነበረው አንድ የሳንቃ በር ብቻ ነበር። በሩ ላይ ዐሥር አለቃ ጌጡ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

"እማዬ፣" አለችኝ ከውስጥ።

"አለሁ።"

"ጨለማ ነው።"

"መነጋገር ክልክል ነው፣" አለ ዐሥር አለቃው። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ክልክል ነው አለ።

*

የአውራጃው ፖሊስ መርማሪ የመቶ አለቃ አዳነ ይባላል። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሻይ ቤቱ ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው።

"ይህ ሁሉ ምንድነው?"

ወይዘሮ ጽጌ ነጠላዋን አስተካክላ መለሰች። "የአገራችን ልጆች ሥራ ነው ጌታዬ። አክርማ ከጨርቅ፣ ብራና ከቆርቆሮ፣ ባቄላ ከቀንድ እያጋጠሙ ሥዕል ይሠራሉ። በየቤታቸው ጭስ ይበላው ነበር። እኔ ግድግዳ አለኝ፣ በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሻይ የሚጠጣ የለም። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ሰቀልሁላቸው። ሰው ከሳሊም ከእብናትም ሊያይ ይመጣል።"

"ከሥር ያለው ወረቀትስ?"

"የሠሪው ስም ነው። መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው ጽፈው የለጠፉት። የሳቸው ጽሕፈት እንደ ማተሚያ ነው።"

መሪጌታ ወልደ ሰንበት በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተምረው ያደጉ፣ ዜማውንም ሥዕሉንም የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ልጄን ብሩሽ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። እኔንም በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በየጠዋቱ እዚሁ ሻይ ቤት፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የጣቢያው ጸሐፊ ታሞ ስለነበር የመቶ አለቃው የሰዎቹን ቃል እንዲጽፉለት ለመናቸው። እሺ ብለው ቀለማቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"አንቱ የራስዎን ሥራ አልሰቀሉም?" አለ የመቶ አለቃው።

"የኔ ሥራ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፣" አሉ።

የመቶ አለቃው ከኬላው የመጣውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው። ሥዕሉ ምን እንደሚመስል የጠየቀ አልነበረም። የገበያ ሥዕል ነው። ሴቶቹ ከስንደዶ፣ በጎቹ ከጥጥ፣ ሰማዩ ከአሮጌ ሸማ ተሠርቷል። ልጄ አራት ወር ለፍታበታለች። የተላቀቀውን አቡጀዲ በጣቱ ነካካው። ጠርዙ ላይ የደረቀው ሙጫ እንደ ጨው ረገፈ።

"ከነገ ወዲያ፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጅቷ በእግሯ ወደ ደብረ ታቦር ትወርዳለች፣" አለ ለወይዘሮ ጽጌ። "የቤተ ክርስቲያን ስርቆት እዚህ አይታይም። እስከዚያ የተለየ ነገር ካገኘሁ አገኘሁ።"

ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ፣ እጇ ታስሮ፣ ከሁለት ወንዶች ጋር። ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ገባ። አልተሰበረም።

*

መጀመሪያ የተጠየቀው አቶ ዋለ ነው። ከበቅሎዎቹ ስለተለየ ተናዷል።

"ሥዕሉን መቼ ገዛህ?"

"ቅዳሜ። እዚሁ፣ ሰው እያየ። ዐርብ ማታ ነው ከመካነ ኢየሱስ የገባሁት። ሳምንቱን ሙሉ እስቴ ነበርሁ፣ የምታምነው ካጣህ የእስቴን ገበያተኛ ሁሉ ጠይቅ።"

"ለማን ገዛኸው?"

"አዲስ አበባ ሥዕል የሚሸጥ ሰው አለ። የመሪጌታ ተማሪ ነበር። ካገር ቤት ጥሩ ሥራ ካገኘህ አምጣልኝ ብሎኛል። መሪጌታም ይኸኛውን ውሰድለት አሉኝ። ጥሩ ነው ብለው ነው እንጂ እኔ በግና ጥጥ መቼ እለያለሁ?"

መሪጌታ ሳቅ አሉ። ብዕራቸው ግን መጻፉን አላቆመም።

"ማን ጠቀለለው?"

"ልጅቷ ራሷ። በጆንያ ሰፋችው፣ ስፌቱን የቀደዱት የኬላው ሰዎች ናቸው። እኔ አልነካሁትም። ብነካውማ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ኬላ እገባ ነበር? በገደሉ በኩል አልዞርም?"

የመቶ አለቃው ለእስቴ ፖሊስ የሚላክ ማስታወሻ ያዘ። ሐሳቡ ከአቶ ዋለ እንደራቀ ፊቱ ላይ አየሁ። ፈራሁ፤ ከእሱ የራቀ ሁሉ ወደ ጓዳው በር ይጠጋ ነበር።

*

ቄሰ ገበዝ ገብረ መድኅን ከሰዓት በኋላ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ በሳቸው እጅ ነው።

"ቅጠሉ መጨረሻ የታየው መቼ ነው አባታችን?"

"ባለፈው ሳምንት እሑድ። መጽሐፉ ተነቧል፣ ሥዕሉን ሰው ተሳልሟል። ዐርብ ስንገልጠው የለም።"

"በመካከል ዕቃ ቤቱ ማን ገባ?"

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ካህናቱ፣ መሪጌታ፣ እኔ። ረቡዕ ደግሞ ይህች ልጅ መጣች። ከአሮጌ መጽሐፍ የተራረፈ ቁርጥራጭ ብራና እሰጣት ነበር፣ ለሥራዋ። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።"

"ብቻዋን?"

"ቁርጥራጩን ላመጣላት ወደ ውስጥ ዘለቅሁ። የቆየሁ አልመሰለኝም።"

"መጽሐፉ የት ነበር?"

"በሩ አጠገብ አትሮንሱ ላይ።" ድምፃቸው ወረደ። "ልጅ ናት፣ እኔ ክፉ አላየሁባትም። የተጠየቅሁትን ነው የምናገረው።"

"ሥዕሉ የማን ሥራ ነው?"

"የየትኛው?"

"የእመቤታችን። የተቆረጠው።"

"እሱን አላውቅም። ከእኔ ሹመት በፊት ነው። የድሮ ሰው ይሆናል።"

መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩና ይህንንም ጻፉ።

ከጓዳው ድምፅ መጣ። "የመቶ አለቃ፣ እኔ በሩን አላለፍሁም።"

"ተይ ውባለም፣" አለ ዐሥር አለቃ ጌጡ፣ እንደ ወንድም። "በተናገርሽ ቁጥር በራስሽ ላይ ነው የምትጨምሪ።"

*

አማረች ስፌት ሰፊ ናት። ከከተማው ሴቶች አክርማ በማቅለም የሚተካከላት የለም፣ በምላስም እንዲሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሳትጠራ መጣች።

"ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነው አሉ፣" አለች ቆማ። "ይቺ ልጅ ግድግዳውን በሙሉ ወሰደችው ብያለሁ። ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የኔን ሞሰብ ከመስኮቱ መዝጊያ ጀርባ ሰቅለው የሷን በግ ፊት ለፊት። ሌባ ግን አላልኋትም።"

"ተቀመጪ።"

"ቆሜ ይሻለኛል። ሐሙስ ዕለት የሷን አውርጄ የኔን በቦታው ሰቅያለሁ። ጽጌ መልሳ አወረደችኝ። ወንጀል ከሆነ ጻፉት መሪጌታ።"

"ጽፌዋለሁ አማረች፣" አሉ መሪጌታ። "ቀስ በይ እንጂ።"

የመቶ አለቃው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። "ስታወርጂው ጀርባውን ነካሽ?"

"ምን ብዬ አልነካም? አቅፌ ነው ያወረድሁት። እርጥብ ነበር፣ ቀሚሴን ነካኝ። ውባለም ደግሞ በዚያ በቆዳ ሙጫዋ ለበጠችው ብዬ አሸተትሁት። ቤታቸው ስታልፍ አፍንጫህን ይዘህ ነው።"

"ይሸት ነበር?"

አማረች ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች። "እንጃ። ቀሚሴ አልሸተተም።"

"እኔ እንኳ በሁዳዴ ያንን ነገር ከደጄ አላስጠጋውም፣" አሉ መሪጌታ፣ ወረቀታቸውን እያገላበጡ። አማረች ሳቀች። የመቶ አለቃው አልሳቀም፣ ሰዓቱን ጠየቃት እንጂ።

"ስድስት ሰዓት አካባቢ።"

እንግዲህ ጀርባው ገና እርጥብ ከነበረ፣ ቅጠሉ የተደበቀው ሐሙስ ጠዋት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ነበር። የመቶ አለቃው ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ገንዳው፣ ወደ እኔ አየ።

*

"እመት ደጊቱ፣ ይምጡ ይቀመጡ።"

እጄን በቀሚሴ አደረቅሁና ተቀመጥሁ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

"ሐሙስ ጠዋት እዚህ ማን ነበር?"

"እኛ ፊደል የምንቆጥር አራት ሴቶች። መሪጌታም። ወይዘሮ ጽጌ ገበያ ወጥታ ነበር።"

"ውባለምስ?"

"እቤት ነበረች፣ እህል ትፈጭ ነበር።"

"ማን አየ?"

"እኔ ትቻት ስወጣ።"

"የእናት ምስክርነት አይበቃኝም። ትምህርቱ ሲያልቅስ?"

"ሴቶቹ ሄዱ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወንዝ ወረድሁ።"

"ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ?"

አፌን ስከፍት መሪጌታ ቀደሙኝ። ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ፣ "እኔ ከሴቶቹ ጋር አብሬ ወጥቻለሁ፣" አሉ። "ቅዳሴ ነበረብኝ።"

እንስራዬን ሳነሳ ሰሌዳውን ሲያጠፉ ትቻቸው እንደወጣሁ ዓይኔ ላይ ነበር። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ እሳቸው አልነበሩም። ወደ እሳቸው አየሁ። እጃቸው ላይ የቀለም ነጠብጣብ ነበረ። ብዕሩ ቆሟል።

ልናገር አልሁ። ግን ማን ነኝ? እሳቸው መሪጌታ ናቸው። እኔ የተከሳሽ እናት፣ ብርጭቆ አጣቢ። ልጄን ለማዳን መምህሬን ከሰስሁ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ደግሞም ምናልባት ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሳልናገር ቀረሁ።

"እንግዲህ፣" አለ የመቶ አለቃው፣ "ሙጫ ማፍላት የምታውቅ ሴት ከወንዝ ተመልሳ ክፍት ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች ማለት ነው። ልጅቷ ረቡዕ ትቆርጣለች፣ እናቷ ሐሙስ ትደብቃለች። እመት ደጊቱ፣ ነገ ከልጅዎ ጋር አብረው ይወርዳሉ።"

 

*

መሪጌታ ለቅዳሴ ሄዱ። የመቶ አለቃው ደጅ ወጥቶ ከወይዘሮ ጽጌ ጋር ሲነጋገር ዐሥር አለቃ ጌጡ ጠምቶት ባዶ ብርጭቆ በውኃ ሞላ፣ ጾሙን ረስቶ። ትዝ ሲለው ሳይጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያስቀመጠው በተላቀቀው አቡጀዲ ጠርዝ ላይ ነበር። ብርጭቆው አጋደለና ውኃው ፈሰሰበት።

"ወይ ጉድ፣ አሁን ይገሉኛል። እመት ደጊቱ፣ ጥረጊልኝ።"

ጨርቁን አነሳሁ። ጠርዙ ላይ የነበረው ሙጫ ጣቴ ላይ ለሰለሰ። ሳሸው እንደ ማር ተሳበ፤ ጥቂት ቆይቶ ቀለጠና ውኃ ሆነ።

ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሥዕሏን የምትለብጠው በቆዳ ሙጫ ነው። የማፈላውም እኔ ነኝ፣ የፍየል ቆዳ ትርፍራፊ ቀኑን ሙሉ አንተክትኬ። ያ ሙጫ አንዴ ከደረቀ ቀዝቃዛ ውኃ አያሸንፈውም። ቢነከር ያብጣል እንጂ አይለቅም፤ ለማስለቀቅ ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። መሽተቱንም አይተውም። ይህ ግን አይሸትም። ይህ የግራር ሙጫ ነው። ሲደርቅ ብርጭቆ ነው፣ በበቅሎ ጀርባ ሲናወጥ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ኬላው ላይ የተላቀቀው።

በዚህ ከተማ ሥዕል የሚሠራ ሰው በግራር ሙጫ አይለብጥም፣ አይይዝማ። አንድ ሰው ብቻ፣ በጾም ብቻ። ብሩሻቸውን በምላሳቸው እያሾሉ ስለሚሠሩ የቆዳ ሙጫ በሁዳዴ አይነኩም። ከበግ ከፍየል የወጣ ነገር ምላሳቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። መምህራቸው እንደዚያ እንዳስተማሯቸው ለእኛ ለተማሪዎቻቸው ነግረውናል።

"ምን ሆንሽ?" አለ ዐሥር አለቃው።

"የመቶ አለቃውን ጥራልኝ።"

ሲገባ እጄን ዘረጋሁለት። ስለ ሙጫው ነገርሁት። በምን እንደሚፈላ፣ በምን እንደሚለቅ። የማንንም ስም አልጠራሁም። ሐሙስ ሰሌዳውን ማን እንዳጠፋም አልተናገርሁም። እሳቸው ራሳቸው እንዲሉት ፈለግሁ። ይህን ሳስብ ልጄ በጨለማ ተቀምጣ እንደነበር አልረሳሁም፤ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

 የመቶ አለቃው ጣቱን ውኃ ውስጥ ነከረና ወደ ግድግዳው ሄደ። የአንዱን ሥዕል ጀርባ አረጠበ፣ ጠበቀ፣ በጥፍሩ ሞከረ። አልለቀቀም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሁሉም የቆዳ ነው። በመጨረሻ ከሥዕል ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት፣ የአማረች ስም ያለባትን፣ በእርጥብ ጣቱ ዳበሳት። ወረቀቷ ተንሸራትታ መዳፉ ላይ ወደቀች።

"መሪጌታ ናቸው የለጠፉት አይደል ያለችኝ ጽጌ?"

"አዎ ጌታዬ፣" አልሁ።

"ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር ወጡ?"

ከጓዳው በር በኩል የልጄ ትንፋሽ ይሰማኛል።

"አልወጡም፣" አልሁ። "ትቻቸው ነው የወረድሁት።"

*

ቅዳሴው ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። አማረች፣ አቶ ዋለና ቄሰ ገበዙም ተጠርተው ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ሻይ ቀዳች፤ ማንም አላነሳውም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ውስጡም የአቡጀዲ ቁራጭና የስም ወረቀት። ከጎኑ ከቤቴ ያመጣሁት የሞቀ የቆዳ ሙጫ በሸክላ።

"መሪጌታ፣" አለ የመቶ አለቃው፣ "ይህ ሥዕል በማስረጃነት ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ጀርባው ተከፍቶ እንዳይበላሽ ይልበጡልኝ። ሙጫው ሞቅ ብሏል። ብሩሽዎ ይኸው።"

መሪጌታ ብርጭቆውን አዩት። ውስጡ ያለውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርሁም፣ ግን አቃጠለኝ።

ብሩሹን አነሱ። ሙጫው ውስጥ ነከሩት። ከሸክላው ጫፍ ላይ አንጠፈጠፉትና ወደ አፋቸው አቀረቡት፣ አርባ ዓመት ሙሉ እንዳደረጉት። ከከንፈራቸው አንድ ጣት ያህል ሲቀረው እጃቸው ቆመ። በዚያች ጊዜ ቢነኩት ምን ይባል ነበር? በጾም የቆዳ ሙጫ የማይነኩ ሰው አይደሉም ይባል ነበር። ነገሩም ተመልሶ እኔና ልጄ ላይ ይወድቅ ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሙጫው ጢማቸው ላይ ሊንጠባጠብ ነበር።

አስቀመጡት።

"አልችልም፣" አሉ። "ጾም ነው።"

"ከመጽሐፉ ሲቆርጡትስ ጾም አልነበረም?" አለ የመቶ አለቃው። ድምፁን አላነሳም።

"እሱን አልሰረቅሁም። የራሴን ነው የወሰድሁ።"

ቄሰ ገበዙ ብድግ አሉ። "የራስዎን?"

"በሃያ ስድስት ዓመቴ ሣልሁት። ብራናውን ራሴ ፍቄ፣ ቀለሙን ራሴ በጥብጬ፣ ሁለት ክረምት። ሰው እየተሳለመው ኖረ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ስም አይጻፍበትም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ አልከፋኝም። ከዚያ ጽጌ ይህን ግድግዳ ከፈተች። የአማረችን ስም ጻፍሁ፣ የውባለምን ጻፍሁ፣ የአሥራ አንድ ሰው ስም። ሰው እየመጣ፣ ይህ የእገሌ ነው ይላል። እቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ። የእኔን ማን ያውቃል? ትናንት እዚህ ቁጭ ብዬ፣ አባ ገብረ መድኅን፣ አላውቅም የድሮ ሰው ይሆናል ሲሉ በእጄ ጻፍሁት።"

ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አዲስ አበባ ያለው ተማሪዬ አውጥቶ ከነስሜ ይሰቅለው ነበር። አንድ ጊዜ። ከዚያ ይመለሳል ብዬ ነው።"

"በልጅቷ ሥዕል ውስጥ ደብቀው።"

"የሷን ልባጥ በጽጌ ሙቅ ውኃ አስለቅቄ። ኬላው የልጅ ሥራ አይፈትሽም ብዬ።"

የመቶ አለቃው ለዐሥር አለቃው ምልክት ሰጠው። የጓዳው በር ተከፈተ። ውባለም ወጣች። ብርሃኑ አስቸግሯት በእጇ ፊቷን ጋረደች፣ አንጓዋ ላይ የገመዱ ምልክት ቀልቷል። ሁሉን ሰምታለች። መሪጌታ ፊት ቆመች።

"የኔታ፣ እዚያ እንዳለሁ እያወቁ ነው?"

"ዛሬ እናገራለሁ፣ ዛሬ እናገራለሁ እል ነበር።"

"ረቡዕ ስወርድስ?"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። 

"ቃልዎን ማን ይጽፋል?" አለ ዐሥር አለቃ ጌጡ፣ ግራ ገብቶት። "ጸሐፊያችን እሳቸው ናቸው።"

የመቶ አለቃው ወረቀቱን ወደ መሪጌታ ገፋ። "ይጻፉት።"

ጻፉ። ረጅም አልነበረም። ሲጨርሱ የመቶ አለቃው ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው፣ ሐሙስ የነበረውን በሚመለከት እንድፈርም። ጣቴን በመስመሩ ሥር እያስኬድሁ አነበብሁ። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የመጀመሪያው መስመር ግን ወዲያው ተነበበልኝ። "ይህች የእመቤታችን ሥዕል የወልደ ሰንበት እጅ ሥራ ናት" ይላል። ፊደሉ እንደ ማተሚያ ነው። በሕይወታቸው ስማቸውን ከዚያች ሥዕል አጠገብ ሲያኖሩ የመጀመሪያቸው ነበር፣ ያኖሩትም በፖሊስ ወረቀት ላይ ነው።

ስሜን ፈረምሁ።  እሳቸው የፊደሎቼን አጣጣል ሲያዩ አየኋቸው።

የመቶ አለቃው ሽማግሌን ከሌቦች ጋር አላስርም ስላለ፣ መጽሐፉን የቆረጠ እጅ ጓዳው ውስጥ ገባ። በሩ ተዘጋ። ዐሥር አለቃ ጌጡ በቦታው ተቀመጠ።

*

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ሰዎች ከየደጃቸው እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ይሏታል። አንገቷን ትነቀንቃለች። ሥዕሏን የት እንዳስቀመጡት አልጠየቀችም። እኔም አላነሳሁባትም።

እቤት ገብተን እሳት አቀጣጠልሁ። ፀሐይ ገና አልገባችም፣ ነፋሱ ግን ከገደሉ በኩል ተነስቶ አመዱን ይበትነው ጀመር። በሩን ልገፋ እጄን ሳነሳ ውባለም ከመደቡ ላይ፣

"ተይው እማዬ፣" አለች።

"ብርድ ይገባል ልጄ።"

"ይግባ።"

ጋቢ አመጣሁና ትከሻዋ ላይ ጣልሁላት። እኔም ነጠላዬን ደርቤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። እሳቱ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፣ ሁለት ጊዜ አነደድሁት። በሩን አልዘጋሁትም።